ከጅማ ሆኜ ኳንተም ኮምፒዩቲንግ፣ ያለፈበት አለ?

ጠያቂ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ፊዚክስ ማስተርሴን ጨርሼ እዚሁ ጅማ አስተምራለሁ፣ በኳንተም ኮምፒዩቲንግ ፒኤችዲ ልቀጥል ብዬ የሚያማክረኝ ሰው አጣሁ፣ አንዱ ባልደረባዬማ «ማሽኑ በሌለበት ሀገር ምን ልትሰሪበት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ከታዳጊ ሀገር ለሆኑ ሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠው የኦ ደብሊው ኤስ ዲ የፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ጣሊያን ነው ሚወስደው አሉኝ፣ እውነት ነው? የ2 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፣ የክረምት መብራት ደሞ ታውቁታላችሁ 😅

የቦንጋ ልጅ፦ እህቴ እሱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቢሮው ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ከተማ ስለሆነ ነው እንጂ ፒኤችዲውን የምትሰሪው ሌላ ታዳጊ ሀገር ነው፣ አውሮፓ አይደለም። እዚህ ሀገር ፒኤችዲ ተመዝግበሽ ከፊሉን ብቻ ውጪ የምትሰሪበት ሳንድዊች የሚሉትም አለ፣ ለልጅሽ እሱን እይው። እኔን ጉድ የሰራኝ የተቀባይ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ነው፣ ማመልከቻው ሲከፈት ገና ሱፐርቫይዘር ልፈልግ ተነሳሁ አንድም ሳይመልስልኝ ቀኑ አለፈ። አሁኑኑ መጻፍ ጀምሪ፣ ጆሃንስበርግ ያለውን ዊትስ ዩኒቨርሲቲን እይ፣ በ2019 ከአይቢኤም የኳንተም ኔትወርክ ጋር የገባ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስትጽፊ ግን «ኳንተም እወዳለሁ» አትበዪ፣ የሰውዬውን አንድ ፔፐር አንብበሽ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ።

ቬክተር፦ ባልደረባሽን ተይው፣ ማሽኑን እኮ ሁሉም በኢንተርኔት ነው የሚነካው። ለመጀመር እሱም አያስፈልግሽም፣ ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋው) ካወቅሽ ኪስኪት ጫኚ፣ ኳንተም ኮምፒዩተርን በራስሽ ላፕቶፕ አስመስለሽ የምትለማመጅበት ሶፍትዌር ነው፣ ነጻ ነው። አንድ ኪውቢት (የኳንተም ኮምፒዩተር ቢት ማለት ነው) በጨመርሽ ቁጥር የሚፈልገው ሜሞሪ እጥፍ ይሆናል፣ 20 ኪውቢት 16 ሜጋባይት፣ 25 ላይ 512 ሜጋባይት፣ 30 ስትደርሺ 16 ጊጋ ገባ ማለት ነው፣ ስለዚህ ያንቺ ላፕቶፕ እስከ 25 ይችላል፣ የጀማሪ ልምምድ ደሞ ከ5 ብዙም አያልፍም። አንዴ ካወረድሽው ኔትወርክ አይጠይቅም፣ ባትሪ ብቻ። መጀመሪያ ግን ሊኒየር አልጀብራ ከልሺ፣ እኔ ዘልዬው 2 ወር ተንከራተትኩ።

ጠያቂ፦ ሊኒየር አልጀብራውን፣ አይገን ቫልዩ ምናምኑን እኮ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነው 😂 ሳንድዊቹን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ እግዜር ይስጥልኝ

አንድ አንባቢ፦ ጣሊያን ራሱ ካማረሽ እዛው ትሪየስቴ አይሲቲፒ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል የ1 ዓመት ዲፕሎማ አለው፣ ወጪውን ይሸፍናሉ። ማስተርስ ላላት ወደኋላ መመለስ ይመስላል፣ ግን ከዛ ወጥተው ፒኤችዲ ያገኙ አሉ። የኦንላይን ሰርተፍኬት መሰብሰቡን ግን ተይ፣ ማንም አይቆጥርልሽም።

ቬክተር፦ በኦንላይኑ ነገር አልስማማም፣ እኔን ሱፐርቫይዘሬ ያየኝ በኦንላይን ኮርስ በሰራሁት ፕሮጀክት ነው።

ጠያቂ፦ እሺ ዛሬ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ የመጀመሪያውን ኢሜይል እጽፋለሁ፣ ከመላኬ በፊት የሚያይልኝ ማነው?

የቦንጋ ልጅ፦ በውስጥ ላኪልኝ።