ጎ ጨዋታ ላይ የቱ ይበልጣል? እርዱኝ

ጎ (ሰሌዳ ላይ በጠጠር ቦታ የሚከበብበት ጨዋታ) የምትችሉ ካላችሁ ድረሱልኝ። ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከጓደኛዬ ጋር እንጫወታለን። ሰሌዳችን ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ 9 በ9 ነው፤ ጥቁሩ ጠጠር ቀይ ቦሎቄ፣ ነጩ ነጭ ቦሎቄ። (ነፋስ ሲነሳ ጉድ ነው፣ እሱን ተዉት።)

ሁሌ የምሸነፈው መጨረሻ ላይ ነው። ትናንት ተራው የኔ ሆኖ ሁለት ቦታ ቀረ። አንዱ ላይ ሁለት ፍሬ እማርካለሁ፤ ምርኮው 2፣ የሚለቁት ቦታ 2፣ በድምሩ 4 ነጥብ። እሱ ከቀደመ ያድናቸዋል፣ እኔም ባዶ። ሌላው 3 ነጥብ ብቻ ነው፤ ግን እኔ ከጀመርኩት እሱ የግድ ይመልሳል፣ ተራውም ወደኔ ይመለሳል። ጃፓኖች ሰንቴ የሚሉት ማለት ነው።

4 ከ3 ይበልጣል ብዬ ማረክኩ። እሱ ወዲያው ሦስቷን ዘጋት። በ1 ነጥብ ተበላሁ! ሦስቷን ባስቀድም ሁለቱም የኔ ነበሩ።

ይሄ ገብቶኛል። ያልገባኝ ሰንቴው የእሱ ሲሆን ነው። እሱ የሚያስገድደኝን የ3 ነጥብ ቦታ ቀድሜ ልዝጋ ወይስ ማንም የማይገደድበትን 6 ነጥብ ልውሰድ? ስድስቱ ለሁለት ይካፈላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ እኩል ከሆኑ በምን እለያለሁ? ደግሞ ጨዋታው መሃል ላይ፣ ድንበሩ ገና ሳይዘጋ፣ እናንተ እንዴት ነው የምትቆጥሩት?