ፖት ሊሚት ኦማሃ፦ አጠራጣሪ እጅ ይዞ መቼ ይመደባል?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ታቦር አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ፖት ሊሚት ኦማሃ (አራት ካርታ በእጅ የሚያዝበትና ውርርዱ በፖቱ፣ ማለትም መሃል በተጠራቀመው ልክ የሚገደብበት የፖከር ዓይነት) እንጫወታለን፤ በገንዘብ ፈንታ የምንመድበው ጥሬ ሽምብራ ነው (መጀመሪያ ቆሎ ነበር፤ ጨዋታው ሳያልቅ እየተበላ አስቸገረን)። ባለፈው በእጄ ኬ (ንጉሥ)፣ 9፣ 5 እና 4 ይዤ ነበር፤ የልብ ምልክት ያለው ካርታ ግን አንድም አልነበረኝም። ፍሎፑ (ጠረጴዛው ላይ በአንዴ የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) የዳይመንድ ኬ፣ የልብ 9 እና የልብ 8 ሆኖ ሲወጣ፣ ሁለት ጥንድ ስለሠራሁ በፖቱ ያለውን ያህል 60 መደብኩ፤ አንድ ሰው ብቻ ተከተለኝና ፖቱ 180 ሆነ። አራተኛው ካርታ 2 ሲሆን ሁለታችንም ሳንመድብ አለፍን። አምስተኛው የልብ 3 ነበር። እኔ ቀድሜ 90 መደብኩ፤ እሱም ሳያመነታ ከፍሎ ፍላሽ (አንድ ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) አሳየኝ። ስህተቴ የትኛው ላይ ነው?

ደጀን፦
የፍሎፑን ውርርድ አልነቅፍም፤ ነገር ግን የእጅዎን ዋጋ ከቴክሳስ ሆልደም (ሁለት ካርታ ብቻ በእጅ ከሚያዝበት ፖከር) ልማድ ተነሥተው የገመቱት ይመስለኛል። በኦማሃ እያንዳንዱ ተጫዋች ከአራቱ ካርታዎች ሁለቱን፣ ከጠረጴዛውም ሦስቱን የግድ ስለሚጠቀም፣ አንድ እጅ ስድስት ዓይነት ጥንድ ካርታዎችን ይዞ ይመጣል። በዚያ ፍሎፕ ላይ ጄ፣ 10፣ 7 እና 6 የያዘ ሰው ቀጥታውን (አምስት ተከታታይ ካርታዎችን) የሚሞሉለት 20 ካርታዎች አሉት፤ እሱ ያላያቸው ደግሞ 45 ብቻ ናቸው። ፖቱን ሙሉ ቢመድቡበትም 60 ከፍሎ 180 የሚሆነውን ስለሚሻማ፣ ከሦስት አንድ ጊዜ ማሸነፍ ይበቃዋል። የእርስዎ 5 እና 4 ግን ምንም ደጀን አልሆኑም።

ትልቁ ስህተት የመጨረሻው ነው። የጠረጴዛው ካርታዎች ቀጥታ ስለማያሠሩ፣ ቀጥታ ሲጠብቅ የነበረው ሳይሞላለት ቀርቶ ይጥላል። ፍላሽ ወይም ሦስት ተመሳሳይ ያለው ይከፍላል። ከእርስዎ ያነሰ ይዞ የሚከፍል፣ ለምሳሌ ኬ እና 8 ያለው፣ ስንት ጊዜ ይገኛል? ከሚከፍሉት ከግማሽ በላይ ካላሸነፉ፣ ደካማ እጅ ያለው ይከፍለኛል ብለው የመደቡት ሁሉ ኪሳራ ነው።

የአዳማ ተጫዋች፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን ጠያቂው ቀድመው የሚናገሩ መሆናቸው አይዘንጋ። ኋላ ቢሆኑ ኖሮ አልፈው ካርታውን በነፃ ማሳየት ይችሉ ነበር፤ ቀድመው ሲያልፉ ግን ተቃዋሚው 180 ሊመድብባቸው ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንዶች እንደ 40 ያለ ትንሽ ነገር የሚያስቀምጡት፤ እኔ አልወደውም፣ ምክንያቱም ደፋር ሰው ከፍ አድርጎ ይመልሳልና።

ልዩነት የሚኖረው የልብ አስን ብቻውን (ሌላ ልብ ሳይኖርዎት) ይዘው ቢሆን ነበር፤ ያኔ ከሁሉ የሚበልጠው ፍላሽ ማንም ዘንድ እንደሌለ ስለሚያውቁ፣ 180 መድበው ማስፈራራት ይችላሉ። ያ የሚያዋጣው ተቃዋሚው ቢያንስ ከሁለት አንድ ጊዜ የሚጥል ከሆነ ነው። ይህንም ሳልመድብ ካርታ በማሳየት ብቻ ሊያሸንፍ የሚችል ሁለት ጥንድ ይዤ አላደርገውም፤ ምንም ባልሠራ እጅ ይሻላል።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦
አመሰግናለሁ። የልብ አስ እሱ ዘንድ ነበር። ደግሞም ልጁ ያለ በቂ እጅ አንዲት ፍሬ ሽምብራ የማይከፍል መሆኑን ሦስት ወር ሙሉ እያየሁ፣ ከፍሎ ይሸነፍልኛል ብዬ ነው 90 የመደብኩት። እንግዲህ ባልፍና እሱ 180 ቢመድብ ኖሮ፣ ያለ ማቅማማት እጥል ነበር።