እማዬ ግፊት አለባት፣ ጉንፋኑ ደግሞ ጠንክሮባታል

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ሰላም ቤቶች። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ለግፊት ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ከሰኞ ጀምሮ ትኩሳትና ሳል ይዟታል። ጎረቤታችን መጥተው «በኮሮና ጊዜ የግፊት መድኃኒት ቫይረሱን ያስገባል ሲባል ነበር» ብለዋት፣ ይኸው የሦስት ቀን ኪኒኗን ትራስ ስር ደብቃ አገኘሁት። ዛሬ ስትለካ 170 በ100! ነገሩ እውነት ነው እንዴ?

ጨው አልባው፦ ወሬው እንኳን ከመሬት አልተነሳም። ኮሮና ወደ ሴል የሚገባበት በር ኤሲኢ2 ይባላል፣ እነ ኢናላፕሪል ከሚሠሩበት የሰውነት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ስለሆነ በ2020 እ.ኤ.አ. ሐኪሞችም ጠርጥረው ነበር። በኋላ ሲጠና ግን መድኃኒቱን ያቆሙት ከቀጠሉት የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ይልቅ ለዓመታት ግፊት የጎዳው ልብና ኩላሊት ነው ከባድ ኢንፌክሽን ሲመጣ አቅም የሚያጣው።

ፋርማሲ አካባቢ፦ እህቴ፣ ሌላ ምን እየወሰደች ነው? አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ኪኒኖችና ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ግፊት ይጨምራሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሻላል። የሚያስታውካትና የሚያስቀምጣት ከሆነ ኢናላፕሪሉ ለጊዜው ሊቆም ይችላል፣ እሱን ግን ሐኪም ይወስን። ትንፋሽ ካጠራት ወይ ደረቷን ካመማት ሌሊትም ቢሆን ውሰጃት።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ወይኔ፣ ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ በቀን ሁለቴ! ባጃጅ ጠርቻለሁ፣ ጤና ጣቢያ እየሄድን ነው። ጎረቤታችንን ቡና ላይ አገኛቸዋለሁ።