ታሪክ የሚያጣምም ፊልም «ይህ ልብ ወለድ ነው» ተብሎ ይጻፍበት?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ስለ እንግሊዝና አሜሪካ ታሪክ ፊልሞች ነው። መነሻችን ይኸውላችሁ። በኖቬምበር 2020 የእንግሊዝ የባህል ሚኒስትር የነበሩት ኦሊቨር ዳውደን ኔትፍሊክስን «ዘ ክራውን ልብ ወለድ መሆኑን ከመጀመሪያው ጻፉበት» ብለው ጠየቁ። ስለ ንግሥት ኤልሳቤጥና ስለ ቤተሰባቸው የሚተርከው ተከታታይ ድራማ ማለት ነው። ኔትፍሊክስ አልጽፍም አለ፣ ሰው ድራማ መሆኑን ያውቃል ብሎ። በ2022 ደግሞ ተዋናይት ጁዲ ዴንች ለ«ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው ያንኑ ጠየቁ። ብዙም ሳይቆይ የአምስተኛው ምዕራፍ ማስታወቂያ ሲወጣ ከሥሩ ልብ ወለድ ድራማ ነው የሚል መስመር ገባበት። እና ምን ትላላችሁ፣ እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ግዴታ ይሁን? ዓመቶቹን ሁላችንም በፈረንጆቹ እንጻፍ። ስድብ የለም።

ጎራው፦ ግዴታ ይሁን፣ ያውም በትልልቅ ፊደል። «ብሬቭሃርት»ን ያላየ አለ እዚህ? የስተርሊንግ ድልድይ ጦርነት ላይ ድልድዩ የለም እኮ! በ1297 ስኮትላንዶቹ ዊሊያም ዋላስና አንድሪው መሪ ያሸነፉት እንግሊዞቹ ጠባቧን ድልድይ ጥቂት በጥቂት ሲሻገሩ ጠብቀው ግማሹ ሳይሻገር ስለመቷቸው ነው። ፊልሙ ሁሉንም ሜዳ ላይ አሰልፎ ያጋጥማቸዋል። አንድሪው መሪ ደግሞ ፊልሙ ውስጥ ጭራሽ አልተወለደም። ይባስ ብሎ ልዕልት ኢዛቤላ ከዋላስ ታረግዛለች። ዋላስ በ1305 ሲገደል ልጅቷ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች፣ ያውም ፈረንሳይ። እንግሊዝን የረገጠችው በ1308 ተድራ ስትመጣ ነው። ይሄን ታሪክ ብለው ኦስካር ሸለሙት።

ፊልም አፍቃሪ፦ ጎራው ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ አውቀህ ፊልሙን ስንቴ ደገምከው? እውነቱን ተናገር። ሰው ሲኒማ የሚገባው ለፈተና ሊያጠና አይደለም። «ብሬቭሃርት» ባይሠራ ኖሮ ዋላስ የሚባል ሰው መኖሩን የሚያውቅ ሐበሻ ስንት ነበር? አንተ ራስህ አንድሪው መሪን ያወቅከው ፊልሙን አይተህ «እውነት ነው እንዴ?» ብለህ ስትፈልግ ይመስለኛል። ፊልም በር ነው የሚከፍትልህ፣ ከዚያ ወዲያ ማንበብ የራስህ ሥራ ነው።

ጎራው፦ ስንቱ ነው የሚያነበው? እኔን ተወኝ። ፊልሙ በ1995 ወጣ፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ሰዎች ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመው በራሪ ወረቀት ይበትኑ ነበር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ስኮትላንዶች የራሳችን ፓርላማ ይኑረን ወይ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ፣ ቀኑ ከስተርሊንግ ድል ልክ 700ኛ ዓመቱ ነው፣ 74 ከመቶው አዎ አለ። ፊልሙ ነው ያስመረጣቸው አልልም፣ ጥያቄው የቆየ ነው፣ በ1979ም ድምፅ ተሰጥቶበታል። ግን ፖለቲከኛ ወረቀት ይዞ የሚቆምበትን ፊልም መዝናኛ ነው ብለህ አታልፈውም።

መምህር ከባሕር ዳር፦ ልጆች፣ ስለ ማሳሰቢያ ካነሳችሁ ከሁሉ በላይ የከፋውን ፊልም እንየው። በ1915 የወጣው የዲ ደብልዩ ግሪፊዝ «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ያለውን ዘመን ይተርካል። ነጻ የወጡትን ጥቁሮች አውሬ፣ ኩ ክሉክስ ክላን የተባለውን የነጭ ዘረኞች ቡድን ጀግና አድርጎ። ብዙዎቹ የጥቁር ገጸ ባሕርያት ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች ናቸው። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ዋይት ሃውስ ውስጥ አስመጥተው አዩት። የጥቁሮች መብት ማኅበሩ ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ በየከተማው ይታገድ ብሎ ተቃወመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞቶ የነበረው ክላን ጆርጂያ ውስጥ ስቶን ማውንቴን በሚባል ተራራ ላይ መስቀል አቃጥሎ እንደገና ተመሠረተ፣ በ1920ዎቹ አባላቱ በሚሊዮን ይቆጠሩ ጀመር። የዳግም መሥራቾቹ መስቀል ማቃጠል ራሱ የድሮው ክላን ልማድ አልነበረም፣ ፊልሙ ከተነሳበት ልብ ወለድና ከፊልሙ የወሰዱት ነው።

አሁን ልብ በሉ። ያ ፊልም ማሳሰቢያ ነበረው! ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ይህ የታሪክ ትርኢት ነው፣ የዛሬን ማንኛውንም ዘር ለመንካት የታሰበ አይደለም የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ምን ጠቀመ?

ፊልም አፍቃሪ፦ መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔን ክርክር ጨረሱልኝ። ጽሑፍ ማንንም አላዳነም።

ጎራው፦ ቆይ እንጂ። እሱ ጽሑፍ እኮ ማሳሰቢያ ሳይሆን ሽፋን ነው። «የታሪክ ትርኢት ነው» እያለ ውሸቱን አጸናው እንጂ ውሸት ነው አላለም። እኔ የምለው ሌላ ነው።

ለንደን ጭጋግ፦ እዚህ የሚኖር ሰው ደሙ የሚፈላበትን ፊልም ልንገራችሁ፣ «ዩ-571»፣ የ2000። አሜሪካኖች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ገብተው ኤኒግማ የተባለውን የሚስጥር መጻፊያ ማሽን ይማርካሉ። በእውነቱ በሜይ 1941 ዩ-110ን የማረከችው ቡልዶግ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ናት። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ የገባችው ዲሴምበር 1941 ነው፣ ወራት ቆይቶ። በኦክቶበር 1942 ደግሞ ሜዲትራኒያን ላይ ዩ-559 ስትሰምጥ አንቶኒ ፋሰንና ኮሊን ግሬዚየር የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ መርከበኞች ውስጧ ገብተው የሚስጥር መጻሕፍቱን እያቀበሉ አብረዋት ሰጠሙ። መጻሕፍቱን ሲቀበል የነበረው ቶሚ ብራውን ገና 16 ዓመቱ ነው፣ የእንግሊዞቹ መርከብ ሻይ ቤት ሠራተኛ። በነዚያ መጻሕፍት ነው ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የእንግሊዝ ሚስጥር መፍቻ ጣቢያ ያሉት ሰዎች ለወራት ተዘግቶባቸው የነበረውን የሰርጓጆቹን ሚስጥር መልሰው የፈቱት። እና የነዚህን ልጆች ሞት ወስደህ ለሌላ አገር ሰው ስትሰጥ ምን ይባላል? ነገሩ ፓርላማ ድረስ ደርሶ ቶኒ ብሌር ራሳቸው ለሞቱት መርከበኞች ንቀት ነው በሚለው ተስማምተዋል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዴቪድ ኤየር በ2006 ተጸጽቻለሁ አለ፣ ለአሜሪካ ተመልካች ሲባል የተደረገ ነው ብሎ።

የሚያናድደው ደግሞ አሜሪካኖቹ የራሳቸው እውነተኛ ታሪክ አላቸው። በጁን 1944 ዩ-505ን ከነነፍሷ ማርከው ጎትተው ወስደዋል። ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ አለች፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። እሱን አይሠሩም?

ፊልም አፍቃሪ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ግን «ዩ-571» እኮ መጨረሻው ላይ የቡልዶግን ስም ጽፏል።

ለንደን ጭጋግ፦ ሰው ተነስቶ ጃኬቱን ሲለብስ!

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዘግይቼ ገባሁ ይቅርታ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ሁላችሁም ፊልሙ ውስጥ ስላለው ውሸት ነው የምታወሩት። የሌለውንስ? ስለ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት የሚተርከውን «ዘ ፓትሪየት»ን ውሰዱ፣ እሱም የ2000 ነው። ደቡብ ካሮላይና፣ 1776፣ ጀግናው ሰፊ እርሻ አለው፣ እርሻው ላይ ጥቁሮች ይሠራሉ፣ አንዱ እኛ ባሪያ አይደለንም፣ ነጻ ሰዎች ነን ይላል። በደቡብ ካሮላይና! ለጀግናው መነሻ ከሆኑት ሰዎች አንዱ ፍራንሲስ ማሪዮን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። እንግሊዞቹን ደግሞ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆልፈው ሲያቃጥሉ ያሳያል፣ በዚያ ጦርነት እንዲህ ያለ ነገር አልተመዘገበም። ናዚዎች በ1944 ፈረንሳይ አገር ኦራዱር ላይ ያደረጉትን ነው ወስዶ የለጠፈባቸው፣ እዚያ ከ600 በላይ ሰው ነው ያለቀው። እንግሊዞቹ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጮኹ፣ ገባኝ። ስለ ባሮቹ ግን ጩኸቱ ያን ያህል አልነበረም፣ ጥቁር አሜሪካዊው ዳይሬክተር ስፓይክ ሊ በደብዳቤ ተቆጣ፣ አለቀ። ልጆቼ እዚህ አገር ነው የሚማሩት። ለነሱ «ይህ ልብ ወለድ ነው» የሚለው ጽሑፍ ያ እርሻ በማን ጉልበት ይታረስ እንደነበር አይነግራቸውም።

መምህር ከባሕር ዳር፦ እውነት ነው እህቴ። የጎደለውን ማሳሰቢያ አይሞላውም።

ከኔታንያ፦ በዚህ ከመጣችሁማ በ2019 የወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» አለ። ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል የወጡበት ታሪክ ነው። ክሪስ ኢቫንስ ይሮጣል፣ ያድናል፣ ሸሚዙን ያወልቃል፣ የኛ ወገኖች ከኋላ የሚራመድ ሕዝብ ሆነዋል። ያንን መንገድ የከፈተውን ፈረደ አክሉምን የሚመስለው ሰው ሌላ ስም ተሰጥቶት ነው የገባው። ወላጆቻችን በእግራቸው የመጡበት ነው፣ እና ለኛ ጀርባውን ነው የሰጡን።

አወያይ፦ ገብቶኛል፣ ግን ይሄ የእስራኤልና የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው፣ ለብቻው ክርክር ይገባዋል። ወደ ጥያቄው።

ፊልም አፍቃሪ፦ ጥያቄው እኮ ማን ይለጥፈዋል ነው። ሚኒስትር? እኛ ሳንሱርን እናውቀዋለን፣ ስክሪፕት ለቢሮ አስገብቶ መጠበቅ ምን እንደሆነ ትልልቆቻችሁ ንገሩን። ደግሞ መለኪያው ምንድነው? «ሰልማ»ን እዩ፣ የ2014፣ በ1965 ለመምረጥ መብት የተሰለፉ ጥቁሮች ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ በፖሊስ ስለተደበደቡበት ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ፊልሙ ውስጥ የሚናገሩት ንግግር የራሳቸው ቃል አይደለም፣ የንግግሮቹን የፊልም መብት ስፒልበርግ ጋር ያለው ኩባንያ ይዞት ስለነበር ዳይሬክተሯ ኤቫ ዱቨርኔ በኪንግ አነጋገር አዲስ ንግግር ጻፈች። በጎራው ሕግ ከሄድን ይሄ ውሸት ነው፣ ይለጠፍበት። ግን ያ ፊልም ያንን ድልድይና ያንን ዱላ ከብዙ ዶክመንተሪ በላይ አሳይቷል። የፕሬዚዳንት ጆንሰን ሰዎች ደግሞ አለቃችንን እንቅፋት አስመሰለችው ብለው ጋዜጣ ላይ ጮኹ፣ የመምረጥ መብት ሕጉን የፈረሙት እሳቸው እያሉ። የማንን ቅሬታ ሰምተህ ትለጥፋለህ?

ጎራው፦ እሺ፣ ላጥብበው። ለተፈጠረ ንግግር አልልም። በስሙ የታወቀ ሰው ያላደረገውን አደረገ ሲባል፣ ወይ ያደረገው ለሌላ ሲሰጥ፣ ያኔ ይጻፍ። የስፒልበርግ «ሊንከን» ላይ እኮ ባርነትን የሻረው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 13ኛው ማሻሻያ ድምፅ ሲሰጥበት ሁለት የኮነቲከት ተወካዮች ባርነት ይቀጥል ብለው ድምፅ ሲሰጡ ይታያል። በጃንዋሪ 31 ቀን 1865 አራቱም የኮነቲከት ሰዎች ባርነት ይቅር ብለው ነው ድምፅ የሰጡት! የግዛቲቱ እንደራሴ ጆ ኮርትኒ በ2013 ለስፒልበርግ ደብዳቤ ጻፈ። ጸሐፊው ቶኒ ኩሽነር አዎ ቀይረነዋል፣ ስማቸውንም ፈጥረነዋል፣ ፉክክሩ ምን ያህል የተቀራረበ እንደነበር ለማሳየት ነው አለ።

ፊልም አፍቃሪ፦ ተቀራርቦም ነበር እኮ። 119 ለ56። ለማለፍ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ 117 ነው። ሦስት ሰው ወደ እምቢ ቢዞር አይሞላም ነበር፣ ልብ ማንጠልጠሉን ፊልሙ አልፈጠረውም።

መምህር ከባሕር ዳር፦ እንግዲያውስ ከእውነተኞቹ እምቢ ባዮች አንዱን ቢያሳይ ምን ይጎድልበት ነበር? 56 ሰው ተደርድሮለታል! ለተማሪ ሳሳየው የምቸገረው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ግሩም ነው፣ የምክር ቤት ድለላ እንዴት እንደሚሠራ ከዚያ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። እኔ የማደርገው ፊልሙን አሳይቼ ከዚያ የድምፁን መዝገብ መስጠት ነው፣ ልዩነቱን ራሳቸው ፈልገው ያምጡ። አንዴ ያገኙትን አይረሱትም።

ለንደን ጭጋግ፦ መምህር፣ «ዳርከስት አወር»ንም ይሞክሩልኝ። ቸርችል በ1940 ምድር ባቡር ውስጥ ገብተው ተራውን ሕዝብ ሲያማክሩ። ያ ጉዞ የለም፣ ፈጠራ ነው። ግን እዚህ አገር ስንቱ ሰው እንደ እውነት ያወራዋል መሰለዎት። እኔን የሚከነክነኝ ግን ከዚያ በኋላ ነው፣ በ1943 እንግሊዝ ትገዛት በነበረችው ሕንድ፣ ቤንጋል ላይ ሚሊዮኖች በረሃብ ሲያልቁ ቸርችል የት እንደነበሩ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ትልቅ ፊልም አላየሁም።

ፊልም አፍቃሪ፦ ፊልሙ ስለ ሜይ 1940 ነው እንጂ ስለ 1943 አይደለም። ያልተሠራውን ፊልም ለተሠራው አታስከፍለው።

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ያልተሠራው ለምን እንዳልተሠራ እንጠይቃ! የኛው ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠራ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ጋና የባሕር ጠረፍ ላይ ያለው የባሪያ ምሽግ ውስጥ ሆና ወደ ባርነት ዘመን ትወሰዳለች። በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ። አሜሪካ ሲመጣ አከፋፋይ የለም። የአሜሪካን ታሪክ ነው እኮ የሠራው! ጎንደር ተወልዶ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ፣ ሲኒማ ቤት ራሱ ተከራይቶ አሳየው፣ ሕዝቡ ከአፍ አፍ ተቀባብሎ ሞላው። ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው የመጻሕፍት ቤቱ ስም ከዚያ ነው። ፊልሙ በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ያ ሁሉ ዓመት ያላዩት ሰዎች ማሳሰቢያ ጎድሏቸው አይደለም።

ከኔታንያ፦ ልክ ነሽ። ግን «12 ይርስ ኤ ስሌቭ» በትልቅ ገንዘብ ተሠርቶ ኦስካር በላ። እና አሁን ተለውጧል ማለት ይቻላል?

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በ20 ዓመት ልዩነት! እሱም ቢሆን መነሻው በባርነት የኖረው ሰለሞን ኖርዘፕ ራሱ በ1853 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። የራሱ አፍ ስለሆነ ነው ከሌሎቹ የሚለየው። ለትምህርት ቤቶች ሲታደል ደስ ብሎኛል። ጉዳዩ ካሜራውን ማን ያዘ ነው፣ ከሥር ምን ተጻፈ አይደለም።

ጎራው፦ ሁለቱም ይሁን፣ ምን ችግር አለው? ካሜራውንም ስጧቸው፣ የሰው ጀግንነት የሰረቀውም ይጻፍበት። እንደ «ዩ-571» መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ።

ፊልም አፍቃሪ፦ መጀመሪያ ላይ አንተ ፈንዲሻ ስትገዛ ያልፍሃል።

ጎራው፦ ፈንዲሻ አልበላም፣ ለጥፍ።

አወያይ፦ ከዚህ በላይ የሚቀጥል ካለ እስከ ነገ ማታ ክፍት ነው። መምህር፣ ያንን የድምፅ መዝገብ ብትለጥፉልን።