ሾላ የሚያብበው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ከእናቴ ቤት ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ፣ ነገር ግን አንድም ቀን አበባ አውጥቶ አላየሁም። ሰሞኑን ግንዱ ላይ ከተንዠረገጉት ፍሬዎች አንዱን ቀጥፌ ብከፍተው ከትንኝ የሚያንሱ ክንፋም ነፍሳት ግር ብለው ወጡ። ዛፉ ሳያብብ እንዴት ያፈራል? ፍሬውስ ታሞ ይሆን?

መልስ፣ ከአንድ የባዮሎጂ መምህር፦ አልታመመም፤ እንዲያውም ደህና መሆኑን ነው ያዩት። ፍሬ የምንለው አበቦቹን በውስጡ የያዘ ከረጢት ነው። እንጭጩን በምላጭ ለሁለት ቢከፍሉት ግድግዳውን ጥቅጥቅ ብለው የሸፈኑ ደቃቅ አበቦች ይታዩዎታል። ነፍሳቱ ደግሞ የሾላ ተርቦች ናቸው። ሴቷ ተርብ ከተወለደችበት ሾላ የሰበሰበችውን የአበባ ብናኝ ደረቷ ላይ ባሉ ኪሶች ይዛ በፍሬው ጫፍ ባለችው ቀዳዳ ተሹለክልካ ትገባለች፤ መንገዱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ክንፎቿ እዚያው ተቆርጠው ይቀራሉ። አንገታቸው አጭር በሆኑት አበቦች ዕንቁላሏን ትጥላለች፣ ረጃጅሞቹ ግን ብናኙ ደርሷቸው ዘር ይቋጥራሉ፤ እርሷም እዚያው ትሞታለች። ከሳምንታት በኋላ ክንፍ የሌላቸው ወንዶች ቀድመው ይፈለፈሉና ሴቶቹን ገና ሳይወጡ ተገናኝተው፣ ግድግዳውን ቦርቡረው መውጫ ይከፍቱላቸዋል።

መልስ፦ መምህሩ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የወጡት ሴቶች ዕድሜ የአንድና የሁለት ቀን ጉዳይ ነው፣ የራሳቸው ዛፍ ፍሬዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ስለሚደርሱ ሌላ ሾላ መፈለግ አለባቸው። ሾላዎች በየተራ የሚያፈሩት ለዚህ ነው፤ ሌላው ዛፍ ባዶ በሆነበት ወቅት እንኳ ወፉ፣ ጦጣውና የሌሊት ወፉ ሾላ ሥር አይጠፉም። በኩሳቸውም የሌሎችን ዛፎች ዘር ጭምር ጥላው ሥር ስለሚጥሉ በዙሪያው ልዩ ልዩ ችግኝ ይበቅላል።

መልስ፣ ከእስራኤል፦ እዚህም ሾላ አለ፣ ነገር ግን ያች ተርብ ስለሌለች ዘር አይቋጥርም፤ ከጥንት ጀምሮ የሚራባው ሰው ቅርንጫፉን ቆርጦ እየተከለው ነው። ዘኬዎስ የወጣበትም የሰው ተክል ሳይሆን አይቀርም። ፍሬውን ለማብሰል የጥንት ሰዎች እንጭጩን በስለት ይበጡት ነበር፤ ከተበጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጣፍጣል።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማዶ የነበረው ሁለተኛው ሾላ አምና ተቆርጧል፤ የእኛ ተርቦች ታዲያ ወዴት ይሄዳሉ?

መምህሩ፦ ነፋስ ይወስዳቸዋል። በናሚብ በረሃ በኡጋብ ወንዝ ዳር ባሉ ሾላዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እነዚህ ተርቦች እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ ብናኝ እንደሚያደርሱ አሳይቷል።