ስለ ማደግ ሕመም የተዘፈነ ዘፈን ለኳስ ማስታወቂያ መሰጠት ነበረበት?

አወያይ፦
የዛሬው ክርክር ከአገር ወጣ ይላል። ባለ ጊታር ነው ያመጣው። ዘፈኑ የካናዳው አርኬድ ፋየር ባንድ «ዌክ አፕ» ነው፤ «ንቁ» እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው «ፊውነራል» አልበማቸው ውስጥ አለ። ላልሰማችሁ፦ ልጅ ሆኖ «አታልቅስ» የተባለ ሰው ካደገ በኋላ ልቡ እንደቀዘቀዘ ያያል፤ ያኔ የተነገረው ውሸት እንደነበርም ይገባዋል። በፌብሩዋሪ 2010 የአሜሪካው ፉትቦል ሊግ ኤንኤፍኤል ይህንኑ ዘፈን ለሱፐር ቦውል (ለዓመቱ የዋንጫ ጨዋታ) ማስታወቂያ ተጠቀመበት። ባንዱ ፈቅዶ ነው። ጥያቄው፦ ኢንዲ ነኝ የሚል ባንድ እንዲህ ዓይነቱን ዘፈን ለማስታወቂያ መስጠት ነበረበት ወይ? ስድብ የለም። ያልሰማ ሰምቶ ይምጣ፤ 5 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው።

ባለ ጊታር፦
አልነበረበትም። ኢንዲ ማለት ጊታር ማስጮህ አይደለም። ትልቅ ኩባንያ ከላይህ ተቀምጦ አያዝህም ማለት ነው። አልበሙን ያወጣው መርጅ የሚባል የሰሜን ካሮላይና ድርጅት ነው፤ ሙዚቀኞች ራሳቸው ናቸው ያቋቋሙት። የተቀረጸው ሞንትሪያል ነው። «ፊውነራል» ማለትም «ቀብር» ያሉት በዝግጅቱ ሰሞን ዘመድ ተከታትሎ ስለሞተባቸው ነው። ከሞቱት አንዱ የዘፋኙ የዊን በትለር አያት አልቪኖ ሬይ ነው። ስቲል ጊታር የሚወድ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል።

እንግዲህ ለቅሶ ቤት የተወለደ ዘፈን ነው። ያንን አንስተህ የራስ ቁር አጥልቀው ከሚጋጩ ሰዎች ጀርባ ትለጥፈዋለህ? ማስታወቂያ ሠሪ የሚፈልገው ሁሉም በአንድ ላይ «ኦ ኦ» እያሉ የሚጮሁበትን ቦታ ነው። ልቡ የቀዘቀዘው ልጅ ምን ያደርግለታል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ዘፈኑን የሰማሁት ከዚያው ማስታወቂያ ነው።

15 ዓመቴ ነበር። አሜሪካ ከገባን ሁለት ዓመት አልሞላንም። ቀኑን የማልረሳው ቅበላ ስለነበር ነው፤ በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል። እናቴ ያለ የሌለውን ሥጋ ጨርሱልኝ ብላ ዶሮውንም ጥብሱንም አቅርባለች። የአባቴ ጓደኞች ከፓርኪንግ ሥራ ወጥተው መጥተዋል። ሴንትስና ኮልትስ ይጫወታሉ፤ ቤቱ ውስጥ ካለነው ሕጉን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። አንዱ ጋሼ «ይሄ ሰውዬ ኳሷን ለምን አይመታትም?» እያለ ይጠይቃል። እና በመሃል ያ ጩኸት መጣ። እጄ ላይ ወጥ እንዳለ ቀረሁ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ፈልጌ ቃሉን አነበብኩት። ቦሌ ላይ አያቴን ስሰናበት አባቴ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብሎኝ ነበር። አላለቀስኩም። አያቴን ደግሜ አላየኋትም። ባለ ጊታር፣ እንዳንተ ቢሆን ይህ ዘፈን እኔ ጋ በየት በኩል ይደርስ ነበር? የሞንትሪያል ክለብ ውስጥ ሄጄ ልሰማው ነው?

ባለ ጊታር፦
ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ መከራከር ራሱ ከበደኝ። ግን አንተ ጋ ደረሰ ማለት ማስታወቂያው አንተን አስቦ ነበር ማለት አይደለም። አውቶቡስ ዘግይቶብህ ስትጠብቅ ሚስትህን ልታገኝ ትችላለህ። አውቶቡሱ መዘግየቱን አታመሰግንም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አመሰግናለሁ እንጂ! ለምን አላመሰግንም?

ጠበቃዋ፦
ገንዘቡን የሚያነሳ ጠፋ? ከማስታወቂያው ያገኙትን ለሄይቲ ነው የሰጡት፤ ፓርትነርስ ኢን ኸልዝ ለሚባለው የሕክምና ድርጅት። ሄይቲ ላይ ያ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው ጃንዋሪ 12፣ 2010 ነው። ሱፐር ቦውሉ ፌብሩዋሪ 7። አንድ ወር እንኳ አልሞላም።

ለነሱ ደግሞ የሩቅ አገር አይደለም። ሌላዋ ዘፋኝ ሬጂን ሻሳን ወላጆቿ የአምባገነኑን የዱቫሊዬን አገዛዝ ሸሽተው ከሄይቲ የወጡ ናቸው። እሷ ሞንትሪያል ተወለደች። በዚያው አልበም ላይ ስለ ሄይቲ የተዘፈነም አለ። እዚህ ቤት ውስጥ በደርግ ጊዜ ወጥተው ሰው አገር ልጅ ያሳደጉ ስንት ሰዎች አሉ? እናንተ ናችሁ ይህን ለኔ ማስረዳት የነበረባችሁ።

ባለ ጊታር፦
የገንዘቡ መድረሻ ሌላ፣ የዘፈኑ መድረሻ ሌላ። ከኮንሰርት ትኬት ላይ 1 ዶላር እያነሱ ለዚያው ድርጅት ሲሰጡ ኖረዋል። እሱን አደንቃለሁ። መንገድ ስለነበራቸው ነው የምናደደው።

ጠበቃዋ፦
በአንድ ወር ውስጥ ስንት ትኬት ልትሸጥ ነው? ሰው ፍርስራሽ ሥር ነው እኮ።

ጋሽ ካሴት፦
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ዘፈኑን ሰማሁት። ጩኸቱ በዛብኝ፤ ከበሮው ግን ደህና ነው።

እኔ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። «ለማስታወቂያ ሸጠው» ስትሉ ሳቄ መጣ። እኛ ጋ መቼ ተሸጠና! አንድ ዘፋኝ ወዳጄ ነበር። ስሙን ተዉት። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ዘፈን በሬዲዮ ይሰማል። ደስ ሊለው ሲል ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆረጠና የአንድ ድርጅት ስም ተጠራ። ማንም አልጠየቀው። አምስት ሳንቲም አላገኘም። ሱቄ መጥቶ በርጩማው ላይ ቁጭ አለና «ድምፄ ጥሩ ወጥቷል አይደል?» አለኝ። ሌላ ምን ይበል?

እና የናንተዎቹ ተጠይቀው፣ ዋጋ ተነጋግረው፣ የተከፈላቸውን ለወገን ሰጡ። የኔ ልጅ ባለ ጊታር፣ ይሄ ክህደት ከሆነ እንዲህ ያለ ክህደት ለኛም ይላክልን።

ጠበቃዋ፦
ጋሼ፣ ሕጉማ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996። የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የወጣው፤ እኛ የምንከራከርበት አልበም በወጣበት ዓመት። ወዳጅዎ መክሰስ ይችሉ ነበር።

ጋሽ ካሴት፦
ልጄ፣ በምን ገንዘቡ ጠበቃ ይቁም? አንቺ በነፃ ትቆሚለት ነበር?

ጠበቃዋ፦
ለእርስዎ ወዳጅ? አዎ።

ባለ ጊታር፦
ጋሼ፣ የእርስዎን ሰምቼ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምተውታል? ወደ ማለቂያው ላይ ምቱ ይቀየራል። ያ ከባዱ፣ ሰልፍ የሚመስለው አረማመድ ይቆምና ሞታውን የሚባለውን የድሮውን የዲትሮይት የጥቁሮች ዳንስ ሙዚቃ የሚያስታውስ ዝላይ ይገባል። ሠርግ ላይ ትዝታ ሲዘፈን ቆይቶ ድንገት ወደ ጉራጊኛ እንደሚታጠፈው። ስለ ማደግ የሚለው ነገር ለኔ እዚያ ነው ያለው። አልቅሰህ፣ ጮኸህ፣ ከዚያ እግርህ ራሱ ይነሳል። 30 ሴኮንድ ማስታወቂያ እዚያ አያደርስህም። የተሸጠው ግማሹ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ ላይ እጄን ሰጠሁ። እኔም ያንን መጨረሻ ያገኘሁት በማግስቱ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ግን ፈልጌ እንድሄድ ያደረገኝ ግማሹ ነው፣ አይደል?

ደግሞ ዘፈኑ ከቤት የወጣው በ2010 አይደለም። በ2005 የአየርላንዱ ባንድ ዩቱ (U2) መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ስታዲየሙ ውስጥ ይህንን ነበር የሚያስከፍቱት። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ከአርኬድ ፋየር ጋር አብሯቸው ቆሞ ዘፍኖታል። በ2011 የዓመቱን ምርጥ አልበም ግራሚ ሲወስዱም መርጅ ጋ ነበሩ፤ እስከዚያ ትልቁ ኩባንያ አልገዛቸውም። ማስታወቂያው ምን ቀነሰባቸው?

ባለ ጊታር፦
ከነሱ ሳይሆን ከዘፈኑ። አሁንም።

የልጆች እናት፦
ስለ ሽያጩ አልገባም። እኔ «አታልቅስ» የሚለው ላይ ነው የቀረሁት። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ «ሃይ ማሚ» ይላል፣ በሩን ይዘጋል። ምን ሆንክ ስለው «ናቲንግ» (ምንም) ነው መልሱ። ትንሽ ሆኖ ክትባት ሲወጋ «ጀግና አያለቅስም፣ ዋጥ አድርጋት» ያልኩት እኔ ነኝ። ዋጥ አደረጋት። አሁን አውጣ ብለው አያወጣም።

ጋሽ ካሴት፦
እህቴ፣ ራስሽን አትውቀሺ። እኛን እየገረፉን ነበር «ዝም በል!» የሚሉን። ካለቀስክ ለማልቀሱ ይጨመርልሃል። አንቺ በከረሜላ ነው ያባበልሽው።

አወያይ፦
ከርዕስ ወጣን፤ ግን ግድ የለም፣ ቀጥሉ። ድምፅ የሰጡትን ስቆጥር «መስጠት ነበረባቸው» 19፣ «አልነበረባቸውም» 8። አንዱ የሁለቱንም ተጭኗል፤ ማን እንደሆንክ አውቄሃለሁ።

ባለ ጊታር፦
እኔ አይደለሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ነኝ። ያ የጉራጊኛው ነገር አሳመነኝ።

የልጆች እናት፦
ደርሼ መጣሁ። ዛሬ ጠዋት ልጄን ሳደርስ መኪና ውስጥ ከፈትኩለት። መጀመሪያ ስልኩ ላይ ነበር። «ኦ ኦ» ሲሉ አንድ ጆሮው ላይ የሰካትን አወጣት። «ማሚ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለኝ። ሰዎች ሲከራከሩበት ነው አልኩት። «ይሄ እኮ የሽማግሌ ዘፈን ነው» ብሎኝ አረፈ። በሩን ሲከፍት ግን «መጨረሻው አሪፍ ነው» አለ። ከ«ናቲንግ» የረዘመ ነገር ከነገረኝ ቆይቷል።

ባለ ጊታር፦
መጨረሻው አለ? አላልኳችሁም! የትኛውን ነው የከፈቱለት፣ የአልበሙን ወይስ ከቦዊ ጋር ያለውን?

የልጆች እናት፦
እኔ ምን አውቄ፣ መጀመሪያ የመጣልኝን ነው። ከፊቱ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነበረበት።