ባዮቴክ ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ናችሁ? ፍሬሽማን ጨርሼ በሚቀጥለው ሳምንት ዲፓርትመንት እንሞላለን። ሃይስኩል ቲቸራችን ስለ ዲኤንኤ ካስተማረን ጀምሮ ልቤ ባዮቴክኖሎጂ ላይ ነው፣ ግን ቤት ስናገር እናቴ "እሱን ተምሮ ሰው ምን ይባላል?" አለችኝና መልስ አጣሁ። ዶርም ያሉት ደግሞ ስራ የለውም ይላሉ። የተማራችሁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ አራት ዓመት ቀላል አይደለም።

የችግኝ ልጅ፦
እህቴ እኔ ቲሹ ካልቸር ላብ ነው የምሰራው። የሙዝ ቡቃያ እንልጣለን እንልጣለን፣ መሀሉ ጥፍር የምታክል ነጭ ነገር ስትቀር በበረኪና እናጥብና ሁድ በሚባለው የተጣራ አየር ያለው ሳጥን ውስጥ በእሳት ባጸዳነው ምላጭ ቆርጠን ጠርሙስ ውስጥ እናስገባታለን፣ ከዛ እየከፋፈልን እያባዛን ከአንዷ ብዙ ከበሽታ የጸዳ ችግኝ ይወጣል። ሀገራችን ይሄ ያስፈልጋታል፣ እንሰቱን አጠውልግ የሚባለው በሽታ እንዴት እንደሚጨርሰው ደቡብ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ግን ሳልደብቅሽ ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ቤት ተቀምጫለሁ። ማስታወቂያው "ባዮሎጂ ወይም አፕላይድ ባዮሎጂ" ይላል፣ የኛን ስም ሲያጡት ፋይልሽን ይመልሱልሻል፣ በጣም ያማል። እኔን ያስቀጠረኝ ጂፒኤ ሳይሆን ኢንተርንሺፕ ላይ እጄ መስራቱን ያየ ሰው ነው። በነገራችን ላይ መጀመሪያ ያዘጋጀኋቸው 40 ጠርሙሶች በሶስተኛው ቀን ሻጋታ ወርሷቸው ነው ያገኘኋቸው፣ ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ፒፔት፦
የሱ ልክ ነው ግን ስራው ችግኝ ብቻ አይደለም። በ2012 ኮሮና ሲገባ ፒሲአር (ዲኤንኤ አባዝቶ በሽታ የሚለይ ምርመራ) የሚችል ሰው በየቦታው ይፈለግ ነበር፣ እኔም ያኔ ነው የገባሁት። የሰው በሽታ ላይ አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም አለ፣ የእንስሳት ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፣ እርሻው ላይ የሆለታው ባዮቴክ ማዕከል አለ፣ ቢራ ፋብሪካም ኳሊቲ ላብ አለው። ችግሩ ቦታው ጥቂት ነው፣ ሪሰርች የሚሉት ጋ ደግሞ አብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃል፣ ስለዚህ በዲግሪ ብቻ አቆማለሁ ብለሽ አትግቢ። ባዮኢንፎርማቲክስ (የዲኤንኤ ዳታን በኮምፒውተር መተንተን) ደግሞ ከአሁኑ ጀምሪ፣ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እና ላፕቶፕ ነው የሚፈልገው፣ መብራት ሲጠፋ እንደ ፒሲአሩ ናሙናሽ መሀል ላይ አይበላሽብሽም።

አዲስ ሰው፦
እኔ ግን ልቃወም። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነና በተመረቅሽ በወሩ ደሞዝ ካስፈለገሽ ፋርማሲ ወይም ሜዲካል ላብራቶሪ ሙዪ፣ ፈቃድ ያለው ሙያ ነው ማስታወቂያውም በስሙ ይወጣል። ፍላጎት ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ለመመረቅ የሚታለፈው ኤግዚት ኤግዛምም ስላለ ግማሽ ልብሽን ይዘሽ አትግቢበት።

የችግኝ ልጅ፦
@አዲስ ሰው እውነትህን ነው ወንድሜ፣ እኔንም ያን ዓመት ያኖረኝ ታላቅ እህቴ ናት። እህቴ፣ ከመሙላትሽ በፊት ግቢሽ ያለውን ላብ ግቢና እዪው። ሲኒየሮቹን "በራሳችሁ እጅ ስንቴ ፒሲአር ሰራችሁ?" በያቸው። ከበር ሆነን ነው ያየነው ካሉሽ ያ ዲፓርትመንት ይቅርብሽ።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም 🙏 ታናሾቼን የምታስተምረው እናቴ ስለሆነች የአዲስ ሰው ነገር ከበደኝ። ነገ ጠዋት አንዲት ሲኒየር ላቡን ልታሳየኝ ነው፣ ጠርሙሶቹ ካሉ ለእማ ፎቶ አነሳላታለሁ፣ ጓሯችን ሙዝ ስላለ እሱ ይገባታል።